ቮልቴጁ ያልተፃፈበት ቦርድ፦ ጅማ ላይ አንድ የቡና መጋዘን መሳሪያ ስንጠግን የሆነው

ይሄን የምፅፈው አንድ ሚሞሪ ካርድና የ23 ቀን መረጃ በኔ እጅ ከጠፋ በኋላ ነው። የጠፋው በአንድ ልኬት ምክንያት ነው፣ ቴስተሬ ላይ 3.32 የሚል ቁጥር አየሁና አመንኩት። ቁጥሩ ውሸት አልነበረም፣ እኔ የጠየቅኩት ጥያቄ ሌላ ነው ቴስተሩ የመለሰልኝ ደግሞ ሌላ። ቮልቴጁ ያልተፃፈበት ቦርድ እጃችሁ ላይ ካለ እስከ መጨረሻው አንብቡት፣ የለካነውን ሁሉ ከነቁጥሩ አስቀምጣለሁ።

ጅማ መርካቶ አካባቢ ትንሽ የጥገና ቤት አለችኝ። አብዛኛው ስራዬ ቻርጀር፣ ቲቪ፣ ሪሲቨር፣ የሶላር ኮንትሮለር ምናምን ነው፣ ማይክሮኮንትሮለር (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ቺፕ) ያለበት እቃ በወር አንዴ ሁለቴ ቢመጣ ነው። 2016 ዓ.ም. ህዳር መጨረሻ ላይ አንድ ደንበኛዬ መጡ፣ በአጋሮ መውጫ በኩል የቡና መጋዘን ያላቸው ሀጂ ናቸው፣ ከእህታቸው ልጅ ጋር። ልጅቷ እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ነው የምትማረው። ክዳኑ በሲሊኮን የታሸገ ከጎኑ ገመድ የወጣለት የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ይዛለች። ውስጡ ያለው የመጋዘኑን ሙቀትና እርጥበት በየ10 ደቂቃው እየለካ ሚሞሪ ካርድ ላይ የሚፅፍ መሳሪያ ነው፣ አንድ ዘመዳቸው ሰርቶላቸው እሱ ውጪ ሀገር ሄዷል፣ ስዕል የለ ምን የለ።

ለምን እንደሚፈልጉት ልንገራችሁ፣ ነገሩን እንዲህ የያዝኩት በዚህ ምክንያት ነው። ጀንፈል ቡና አልጋ ላይ ተሰጥቶ እርጥበቱ 11፣ 12 በመቶ ሲደርስ ነው የሚከተተው፣ ከተከተተ በኋላ ግን አለቀ ማለት አደለም፣ አየሩ እርጥብ ከሆነ ቡናው መልሶ ውሃ ይስባል። የመጋዘኑ አየር 60 በመቶ አካባቢ ከሆነ ቡናው እንዳለ ይቆያል፣ ለሳምንታት 75 እና 80 ላይ ከቆየ ግን ሻጋታ ይመጣና ሽታው ይቀየራል፣ እሱን ደግሞ መልሶ ማድረቅ አያጠፋውም። የጅማን ዝናብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ አልቋል ስትሉ ህዳር ላይ ይመጣል። ሀጂ ከዚች ምሳ ዕቃ በሚያገኙት ቁጥር ነው መቼ በር እንደሚከፈት፣ የትኛው ቁልል ቀድሞ እንደሚጫን የሚወስኑት። «ይቺ እቃ ሳትኖር እኮ በማሽተት ነበር የምንሰራው ልጄ፣ ሲሸት ደግሞ አልፎበታል» አሉኝ።

ከፈትነው። ጣሪያው አፍስሶ በገመዱ ቀዳዳ ውሃ ገብቷል፣ ቦርዱ ከነፒኑ አረንጓዴ ሆኗል፣ የሬጉሌተሩ (የገባውን ቮልቴጅ ቀንሶ አንድ ልክ ላይ የሚይዘው ቁራጭ) አንድ እግር ተበልቶ አልቋል። ቦርዱ አርዱዊኖ ፕሮ ሚኒ የሚባለው ዓይነት ነው፣ ቻይና የተሰራ ኮፒ፣ ላዩ ላይ አትሜጋ328ፒ ቺፕ አለ። ከሱ ጋር የተገናኙት፦ ኤስኤችቲ31 የሙቀትና እርጥበት ሴንሰር፣ ዲኤስ3231 የሰዓት ሞጁል፣ አንድ 18650 ሊትየም ባትሪ ከነቻርጅ ማድረጊያው፣ እና ሚሞሪ ካርዱ። ካርዱ ግን ሞጁል ላይ አይደለም የተቀመጠው፣ ማይክሮ ኤስዲ ወደ ትልቁ ኤስዲ የሚቀይረውን ፕላስቲክ ማቀፊያ ታውቁታላችሁ፣ ሰውየው በቀጥታ እሱ ላይ ገመድ በይዶ ነው ከቦርዱ ጋር ያገናኘው። ስራው ንፁህ ነው ግን በመሃል ቮልቴጅ የሚቀንስለት ምንም ነገር የለም። ስለዚህ ካርዱ የሚያገኘው ቦርዱ ቪሲሲ የሚለው ፒን (ቺፑ ራሱ የሚመገብበት) ላይ ያለውን ቮልቴጅ ነው፣ የካርድ ልክ ደግሞ ከ2.7 እስከ 3.6 ቮልት ነው፣ አበቃ።

የድሮው ቦርድ ጀርባ ላይ ትንንሽ ሳጥኖች አሉ፣ 5 ቮልት ከ16 ሜጋኸርዝ፣ 3.3 ቮልት ከ8 ሜጋኸርዝ (ሜጋኸርዙ የቺፑ ክሎክ፣ ማለትም የሚሮጥበት ፍጥነት ነው)፣ ከነዚህ ውስጥ 3.3ቱ በማርከር ተቀልሟል። ይሄ ደብተር ላይ የተፃፈ ያህል ግልፅ ነው፣ የሚያስፈልገን 3.3 ነው። ልጅቷ ለፕሮጀክት ብላ ከአዲስ አበባ ያስመጣቻቸው 5 ፕሮ ሚኒ ቦርዶች በአንድ ፌስታል ነበሯት፣ የሁሉም ሳጥን ግን ባዶ ነው፣ አንዱም አልተቀለመም። እዚህ ሱቅ ገብተህ የ3.3 ስጠኝ ማለት አይቻልም፣ 350 ኪሎሜትር ርቀት ላይ ስልክ ደውለህ ሰው ለምነህ በመኪና ነው የሚላክልህ፣ ሲመጣ ደግሞ ያው ሳጥኑ ባዶ ነው። ስለዚህ ያለንን መለየት ነበረብን።

ስህተቱ እንዴት እንደገባ በዝርዝር ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የለካችው ልጅቷ ናት። ፕሮግራም መጫኛውን ዩኤስቢ አስማሚ ላፕቶፗ ላይ ሰካች፣ ከአንዱ ቦርድ ጋር አገናኘች፣ ቪሲሲና ግራውንድ (ኔጌቲቩ) ላይ ቴስተር አስቀመጠች፣ 5.02። «ጋሼ ይሄ የ5 ነው» አለችኝ። እኔ አይደለም አልኳት፣ እሱ የአስማሚው ቮልቴጅ ነው፣ ፕሮግራም መጫኛው ሶኬት ቪሲሲ ላይ በቀጥታ ነው የሚገባው፣ በሬጉሌተሩ በኩል አያልፍም፣ አስማሚው ላይ ያለችውን የቮልቴጅ መምረጫ ጃምፐር ወደ 3.3 ብታዞሪያት 3.3 ያሳይሻል። አዞረችው፣ 3.3 አሳየ። እስከዚህ ልክ ነበርኩ። በቪሲሲ በኩል እየመገባችሁ ቪሲሲን ብትለኩ የምትለኩት ያስገባችሁትን ነው፣ ስለ ቦርዱ አንድም ነገር አልነገራችሁም።

«እና እንዴት ነው ሚለካው?» አለች። ሮው በሚለው ፒን አስገብተን ቪሲሲ ላይ ነው የምንለካው፣ ሬጉሌተሩ መሃል ስለሆነ የሱን ውጤት እናያለን አልኳት። ይሄም ልክ ነው። ያን ሰዓት ግን መብራት ጠፍቷል፣ ፓወር ሰፕላዬ አይሰራም፣ እጄ ላይ ያለው የመሳሪያው ራሱ 18650 ባትሪ ነበረ። እሱን ሮው ላይ ሰጠሁት፣ ቪሲሲ ላይ ለካሁ፣ 3.32። ሬጉሌተሩ 3.3 ነው፣ አገኘነው፣ አልኩ። ደስ ብሎኛል እኮ፣ በአንድ ሙከራ ተገኘ ብዬ።

ያልለካሁት ነገር ባትሪውን ነው። መሳሪያው ከቆመ ቆይቷል፣ ቻርጅ አልተደረገም፣ በኋላ እንዳየሁት ባትሪው 3.41 ላይ ወርዶ ነበረ። ከዚህ ዓይነት ሬጉሌተር 5 ቮልት እንዲሰጥ ተደርጎ የተሰራውን ብትወስዱትና 3.41 ብታስገቡለት 5 ከየት ያመጣል፣ መጨመር አይችልም፣ መቀነስ ብቻ ነው የሚችለው። ስለዚህ በሩን ሙሉ ለሙሉ ከፍቶ የገባለትን ትንሽ ቀንሶ ያሳልፈዋል፣ ያቺ ትንሽ ደግሞ ቦርዱ በሚወስደው ጥቂት ሚሊአምፕ ላይ አንድ አስረኛ ቮልት እንኳን አትሞላም። 3.41 ሲቀነስ ትንሽ፣ 3.32። ባትሪው 3.8 ላይ ቢሆን ኖሮ 3.7 አይና ወዲያው ይነቃብኝ ነበር፣ የደከመ ባትሪ ስለሆነ ነው ልክ እኔ የምጠብቀው ቁጥር ላይ ያረፈው።

አንድ ሌላ ምልክትም ነበረ፣ እሱን ነው ይበልጥ የሚቆጨኝ። ልጅቷ ፕሮግራሙን 3.3 ቮልት 8 ሜጋኸርዝ የሚለውን መርጣ ጫነችው፣ ምንም ስህተት ሳይል ተጫነ። ከዛ ላፕቶፑ ላይ የሚመጣውን ፅሁፍ ስታይ የማይነበብ ነገር ሆነባት፣ ፍጥነቱን ስትሞክር ስትሞክር 9600 መሆን የነበረበት 19200 ላይ ተስተካክሎ መጣ። «ጋሼ በ19200 ነው የሚያነበው» አለችኝ። እኔ ኮፒ ስለሆነ ነው ምናምን ብዬ አለፍኩት። እጥፍ! ልክ እጥፍ ነው እኮ፣ 8 ብለን የነገርነው ቦርድ በ16 እየሮጠ ነው ማለት ነው፣ 16 ሜጋኸርዝ ደግሞ የ5 ቮልቱ ቦርድ ፍጥነት ነው። መጫኑ ያለምንም ስህተት ማለፉም አሳስቶኛል፣ ግን ፕሮግራሙን የሚቀበለው ቦርዱ ላይ ቀድሞ ያለው ትንሽ ኮድ ነው፣ እሱ ደግሞ በሁለቱም ዓይነት በ57600 ነው የሚያወራው፣ የራሱን ክሎክ ያውቀዋል፣ እኛ ምን መረጥን ምን አይመለከተውም።

ከመግጠማችን በፊት ልጅቷ «ጋሼ ካርዱን መጀመሪያ ልገልብጠው?» ብላኝ ነበረ። በየወሩ ወደ ላፕቶፗ ትገለብጠዋለች፣ ከመጨረሻው ግልባጭ በኋላ የተፃፈ የ23 ቀን ቁጥር አለበት። የካርድ ማንበቢያዋ ቤቷ ነው፣ መሽቷል፣ መሳሪያው ከተነሳ በኋላ ትገለብጪዋለሽ አልኳት። ገጠምነው፣ ሰራ፣ ቁጥር መፃፍ ጀመረ፣ መጋዘን ወስደው ቻርጀሩን ሰኩት።

በአራተኛው ቀን ሁለቱም ተመልሰው መጡ። ካርዱ አይነበብም። ላፕቶፕ ላይ አይታይም፣ ስልክ ላይ አይታይም። መሳሪያው ላይ መልሼ ስሰካው ጣቴን አሳረፍኩበት፣ ይፋጃል፣ ሚሞሪ ካርድ ቁጭ ብሎ እንደዛ መጋል የለበትም። ቴስተሩን ቪሲሲ ላይ አደረግኩ፣ 4.05። ባትሪውን ለካሁ፣ 4.12፣ ቻርጅ ጠግቧል። ለጥቂት ሰከንድ ዝም አልኩ። 3.3 ሬጉሌተር ያለው ጤነኛ ቦርድ 4.05 ሊሰጥ አይችልም። ባትሪው ሲደክም ደክሞ ሲሞላ ሞልቶ የሚከተለው ሬጉሌተር ስራውን ገና አልጀመረም ማለት ነው፣ የሚይዝበት ቮልቴጅ ከዛ በላይ ነው። የሰዓቱ ሞጁልና ሴንሰሩ እስከ 5.5 ስለሚችሉ ምንም አልሆኑም፣ ካርዱ ግን ለቀናት ከልኩ በላይ ሲጠጣ ነበረ፣ በዳታ ገመዶቹም ጭምር።

ሀጂን ቁጭ አድርጌ ነገርኳቸው፣ ስህተቱ የኔ ነው፣ የ23 ቀኑ ቁጥር ሄዷል፣ ካርዱን ተክቼ እሰጥዎታለሁ አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ካርዱ ምንም አደለም፣ ቡናው አለ። አሁን ግን እርግጠኛ ሁንና ስጠኝ» አሉኝ። ሌላ አላሉም። ያቺ «እርግጠኛ ሁን» ነች ቀጥሎ የሆነውን ሁሉ ያሰራችኝ።

በነጋታው አምስቱንም ቦርድ ጠረጴዛ ላይ ደረደርን፣ ልጅቷ በጥፍር ቀለም ከ1 እስከ 5 ቁጥር ፃፈችባቸው፣ የተቃጠለውን ካርድ ያቃጠለው 1 ነው። የጥፍር ቀለሙ የሷ ሀሳብ ነው፣ ማርከር በአልኮል ስናፀዳ ይለቃል ብላ፣ ልክ ነበረች።

ከማየት ጀመርን። በስልክ ካሜራ አጉልተን ሬጉሌተሮቹን አነበብን። እነዚህ ቦርዶች ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኙት አምስት እግር ያለው ትንሽ ነገር ነው፣ ላዩ ላይ በላቲን ፊደል ኬቢ33 ካለ ማይክሬል 5205 የሚባለው ሆኖ 3.3 ቮልት ነው፣ ኬቢ50 ካለ 5 ቮልት። ሶስት እግር ያለው ላይ 662ኬ ካያችሁ እሱም 3.3 ነው። የኛዎቹ 3 ቁጥርና 5 ቁጥር ኬቢ33 ይነበባል፣ 1፣ 2 እና 4 ግን ፅሁፉ ደብዝዞ አይለይም። ክሪስታሉም (ክሎኩን የሚሰጠው ቁራጭ) አልረዳንም፣ አንዳንድ ቦርድ ላይ 16.000 ወይ 8.000 ተብሎ ይፃፋል፣ እነዚህ ላይ ያለው ሩዝ የምታክል ሶስት እግር ሬዞኔተር ነች፣ ምንም ቁጥር የላትም። የፓወር መብራቷ ደመቅ ካለ 5 ነው ፈዘዝ ካለ 3.3 ነው የሚል ሰው ሰምቻለሁ፣ እሱን ተዉት፣ መብራቷ ጋር ያለው ሬዚስተር ከቦርድ ቦርድ ይለያያል።

ቺፑን ራሱን መጠየቅስ? እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አትሜጋ328ፒ ከ1.8 እስከ 5.5 ቮልት ድረስ ይሰራል፣ ስለዚህ የቺፑን ስም ማወቅ ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሰጥም፣ 3.3 ቦርድና 5 ቦርድ ላይ ያለው አንድ ዓይነት ቺፕ ነው። ቦርዱ ላይ ኤስቲኤም32ኤፍ103 ወይም ኢኤስፒ8266 ወይም ኢኤስፒ32 ብታገኙ ግን ግማሹ ስራ አልቋል ማለት ነው፣ እነሱ 3.6 ላይ ነው ጣሪያቸው፣ ዩኤስቢ ሶኬት ስላለው 5 ነው ማለት አይደለም፣ 5ቱን የሚቀበለው ሬጉሌተሩ ነው።

ከዛ ሳናበራ ቪሲሲና ግራውንድ መሃል፣ ሮውና ግራውንድ መሃል ሾርት እንደሌለ አየን፣ አምስቱም ደህና ናቸው። ቀጥሎ ዋናው። ቦርዱ ላይ ምንም ነገር ሳይገጠም፣ ራቁቱን፣ አንድ በአንድ ሮው ላይ ሶስት የተለያየ ቮልቴጅ ሰጠን፣ እና ይሄን በደንብ ያዙልኝ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ የገባውንም የወጣውንም ለክተን ነው የፃፍነው። መጀመሪያ የደከመ ባትሪ፣ ቀጥሎ የሞላ ባትሪ፣ መጨረሻ ላይ ባለ 9 ቮልቱ አራት ማዕዘን ባትሪ ከ100 ኦም ሬዚስተር ጋር በተከታታይ። ሬዚስተሩ የሆነ ነገር ሾርት ከሆነ ከ90 ሚሊአምፕ በላይ እንዳያልፍ ነው፣ ሬዚስተሩ ከጋለ ወዲያው ትነቅላላችሁ። ባለ አምስት እግሩ ሬጉሌተር ያለበት ቦርድ ሮው እስከ 12 ስለሚችል 9 አያስፈራም፣ 662ኬ ያለበት ግን እስከ 6 ብቻ ስለሚችል 9 አትስጡት።

1 ቁጥር፦ 3.41 ገብቶ 3.32፣ 4.12 ገብቶ 4.05፣ በ9 ቮልቱ 5.01። 2 እና 4ም እንደዛው ናቸው፣ መጨረሻ ላይ 4.98 እና 5.00። 3 ቁጥር፦ 3.41 ገብቶ 3.30፣ 4.12 ገብቶ 3.31፣ በ9 ቮልቱ 3.31። 5 ቁጥር ከሱ ጋር አንድ ነው። የመጀመሪያውን ልኬት ብቻ እዩት፣ 3.32 እና 3.30፣ አምስቱንም ቦርድ መለየት አይቻልም፣ እኔ ያን ቀን የቆምኩት እዛ ላይ ነው። የገባው ሲቀያየር የማይነቃነቀው ቁጥር ነው የሬጉሌተሩ ቁጥር፣ አብሮ የሚነቃነቅ ከሆነ ገና አልደረሳችሁበትም፣ ከፍ አድርጉለት።

እዚህ ላይ ሁለት የ3.3 ቦርድ አገኘን፣ 3 እና 5። ልጅቷ 3ን አንስታ ልትገጥም ነበር። ቆይ ክሎኩንም እንይ አልኳት፣ የ19200ዋ ነገር አልወጣችልኝም ነበረ። መብራቷን አንድ ሰከንድ አብርቶ አንድ ሰከንድ የሚያጠፋ ትንሽ ፕሮግራም 8 ሜጋኸርዝ መርጣ በሁሉም ላይ ጫነች፣ ስልኳ ላይ ሰዓት ይዛ 30 ብልጭታ ቆጠረች። ቦርዱ እውነት 8 ከሆነ 60 ሰከንድ ይፈጃል፣ 16 ከሆነ 30 ሰከንድ። 1፣ 2 እና 4 በ30 ሰከንድ ጨረሱ፣ እንደተጠበቀው። 5 ቁጥር 60። 3 ቁጥር ግን 30 ሰከንድ! እንደገና ቆጠረች፣ 30። 3.3 ቮልት ሬጉሌተር ያለው በ16 ሜጋኸርዝ የሚሮጥ ቦርድ።

ይሄ ለምን ችግር እንደሆነ፦ አትሜጋ328ፒ በ2.7 ቮልት እስከ 10 ሜጋኸርዝ፣ በ4.5 ቮልት እስከ 20 ነው አምራቹ ኃላፊነት የሚወስደው፣ በመሃል ቀጥ ያለ መስመር ነው፣ ብታሰሉት 16 ሜጋኸርዝ ለመሮጥ 3.8 አካባቢ ያስፈልገዋል። በ3.3 አይሰራም ማለት አይደለም፣ ጠረጴዛ ላይ ሲሰራ አይተነዋል፣ ብዙ ሰውም እንደዛ ይጠቀማል። እኔ ግን መጋዘን ውስጥ ለወራት ብቻውን ለሚቀመጥ፣ ሰው ቡናውን ተማምኖበት ለሚያስቀምጥበት እቃ ይሄን አልሰጥም። አንድ ቀን በሙቀት ወይ ባትሪው ሲወርድ አንድ ቁጥር አበላሽቶ ቢፅፍ ማን ያየዋል። በፕሮግራም ክሎኩን ለሁለት ከፍሎ 8 ማድረግ ይቻላል፣ ቺፑ ውስጥ መከፋፈያው አለ፣ ግን 5 ቁጥር እጃችን ላይ እያለ ለምን። 3ን ልጅቷ ለልምምድ ወሰደችው።

ከአንድ ፌስታል የወጡ፣ ሲያዩዋቸው መንታ የሚመስሉ አምስት ቦርዶች ሶስት ዓይነት ሆኑ። ለቀሪዎቹ አራቱ አንዱን ለክቼ ልበቃ ነበር እኮ መጀመሪያ።

አንድ ነገር ሳልረሳው፣ የልጅቷ የመጀመሪያ ልኬት፣ ያ 5.02፣ የለካችው 1 ቁጥርን ነበረ። ቁጥሩ ለካ ትክክል ነበር፣ መንገዱ ግን ስለቦርዱ የሚናገር አልነበረም፣ የኔ መንገድ ደግሞ ልክ ሆኖ ቁጥሩ አሳሳተኝ። ስነግራት ሳቀች፣ ከዛ ግን ቁም ነገር ጠየቀችኝ፣ «ሁለታችን የተለያየ ነገር ስናገኝ ለምን ሶስተኛ አለካንም?» መልስ አልነበረኝም፣ እኔ ታላቅ ስለሆንኩ የኔ ተወሰደ፣ እንደዛ ነው የሆነው።

5 ቁጥርን ገጠምነው። አዲስ ካርድ ከማስገባታችን በፊት ባዶውን ማቀፊያ ላይ ለካን፣ ሙሉ በሆነው ባትሪ፣ በደከመው ባትሪ፣ ቻርጀር ተሰክቶ፣ ቻርጀር ተነቅሎ፣ አራቱም ጊዜ ከ3.29 እስከ 3.31። ከዛ ካርዱን አስገባን፣ ፅሁፉ በ9600 ሳይንተባተብ መጣ። አንድ ሌሊት ሱቅ አሳደርኩት፣ ጠዋት ልጅቷ ካርዱን ስታነብ መስመሮቹ በየ10 ደቂቃው ናቸው። ካርዱን በጣቴ ነካሁት፣ ቀዝቃዛ ነው። ምሳ ዕቃው ላይ የገመዱን ቀዳዳ ከላይ ወደ ታች አዛወርነው፣ ገመዱም ከመግባቱ በፊት ወደ ታች እንዲረግብ አደረግን፣ ውሃ ቢመጣ እዛ ላይ ይንጠባጠባል። የክዳኑ ውስጠኛ ክፍል ላይ ልጅቷ ወረቀት ለጠፈች፦ 3.3 ቮልት፣ 8 ሜጋኸርዝ፣ በሮው በኩል ብቻ፣ የተለካበት ቀን።

መጋዘኑ ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ። ሀጂ በር ላይ ቆመው የመጀመሪያውን ቁጥር ጠየቁ፣ ልጅቷ አነበበችላቸው፣ 68 በመቶ። «ነገ ፀሐይ ከወጣ በምስራቅ ያለውን በር ክፈቱ» አሏቸው ለሰራተኞቹ፣ ለኔ ቡና አስፈሉልኝ። ከዛ ወዲህ ሶስት ጊዜ ሄጄ ለክቼዋለሁ። የመጨረሻው ባለፈው ሳምንት ነው፣ ባትሪው 4.08፣ ቪሲሲ 3.31።